ሰልፍ

አማርኛ «ሰልፍ» በሚለው አንድ ቃል ሦስት ነገር ይጠራል። በቆየው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሰልፍ ጦርነት ነው፤ ሠራዊት ከሠራዊት የሚፋጠጥበት። በከተማ ኑሯችን ሰልፍ ወረፋ ነው፤ የታክሲ፣ የዘይት፣ የፓስፖርት። ሦስተኛው ሰው አደባባይ ወጥቶ በደሉን የሚናገርበት ነው። ለዚህ ለሦስተኛው ግን ቋንቋው ቃሉን ብቻውን ማሰማራት የፈራ ይመስል ከፊቱ ዘበኛ አቁሞለታል፤ «ሰላማዊ ሰልፍ» እንላለን። ገና ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሰልፉ ሰላማዊ ነው። ድንጋይ ከተወረወረበት በኋላም ዜና አንባቢው «ሰላማዊ ሰልፉ ወደ ግጭት አመራ» ማለቱን አይተውም።

ዴሞክራሲን በአንድ በኩል ካየነው የመጀመሪያውን ሰልፍ ወደ ሁለተኛው የመለወጥ ሥራ ነው፤ ጦር ሰብቀው የቆሙትን ሰዎች ወረፋ ማስያዝ። ዛሬ የተሸነፈ ነገ ተራው ይደርሰዋል፤ እስከዚያው ድንጋዩን መሬት አስቀምጦ ይጠብቃል። ውሉ ይኸው ነው። ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ግን የወረፋን ጠባይ ያውቃል። የሰልፉ ርዝመት ሰውን ያደክመዋል እንጂ አያስነሳውም። ሰውን የሚያስነሳው በጓሮ በር ሲወጣ የሚታይ ዳቦ ነው። ያን ጊዜ መገፋፋቱ ይጀመራል፤ ቃሉም ቀስ እያለ ወደ ጥንቱ ትርጉሙ ይመለሳል።

በዴሞክራሲ ውስጥ ኃይል የተቀላቀለበት ተቃውሞ አግባብ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቀላል ምሳሌ ይመለሳል። ከመቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ሴቶች የሱቅ መስታወት ሰባበሩ፤ በ1913 ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለሎይድ ጆርጅ እየተሠራ በነበረ ቤት ላይ ፈንጂ አፈነዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) እነዚያ ሴቶች ግን ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ አገሩ ለእነሱ ዴሞክራሲ አልነበረም። ወረፋ ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለን ሰው «ወረፋህን አልጠበቅህም» ብሎ መውቀስ አይቻልም። የሚከብደው ሌላው ነው፤ የምርጫ ካርድ ያለው፣ ለአገሩ ወታደር ሆኖ ያገለገለ፣ «በሕግ ፊት ከማንም እኩል ነህ» የተባለ ሰው ድንጋይ ሲያነሳ። ይህን ለማሰብ ከቋንቋችን መራቅ አያስፈልገኝም። አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ አያቶች፣ ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገሩ የልጅ ልጆች ያሏቸው ሰዎች አሉ፤ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች።

መጀመሪያ ተቀምጠው ጠበቁ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መግቢያ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው የአየር ማጓጓዝ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ሰዎች ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የአገሪቱ ዋና ረቢዎች በአይሁድነታቸው ላይ ጥርጣሬ እንዳይቀር በውሃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቋቸው። በጎንደር ገጠር በሃይማኖታቸው ምክንያት ከርስት የተገለሉ፣ «ቡዳ» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች፣ በመንገድ ላይ ልጆቻቸውን ቀብረው ሲደርሱ «በእርግጥ አይሁድ ናችሁ?» ተባሉ። በ1985 መጸው ኢየሩሳሌም ከዋና ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አንድ ወር ያህል። ተቃውሟቸው መቀመጥ ነበር። በስምምነት ተነሡ፤ ጥያቄው ግን በጋብቻ መዝጋቢዎች ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ሲመላለስ ኖረ።

ቀጥሎ የደሙ ጉዳይ መጣ። በጃንዋሪ 1996 «ማዓሪቭ» ጋዜጣ የአገሪቱ የደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ ለጋሾችን ደም ለዓመታት እየተቀበለ በስውር ሲደፋ እንደነበር አጋለጠ። ምክንያቱ የኤችአይቪ ሥጋት ነው ተባለ። የሕክምናውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ የትኛውም የደም ባንክ ሥጋትን መመዘን ሥራው ነው። እኔን የያዘችኝ «በስውር» የምትለው ቃል ናት። ለምን በግልጽ «አንወስድም» አልተባሉም? እንዳይከፋቸው ተብሎ ነው። እስቲ አስቡት። ወታደሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይዘረጋል። ነርሷ መርፌውን ትሰካለች፤ ታመሰግነዋለች። ከረጢቱ ይሞላል፣ ይለጠፍበታል፣ ይመዘገባል። እሱ ጥጡን በጣቱ ተጭኖ በሩን ሲወጣ ከረጢቱ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። እሱም ቤቱ ገብቶ ለእናቱ «ዛሬ ደም ሰጠሁ» ይላታል።

ዴሞክራሲያዊ የሚባል መንግሥት የደካማውን አቤቱታ እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳየኝ ነገር አላገኘሁም። አምባገነን አቤት ባዩን ከደጅ ይመልሰዋል፤ ሰውየው መመለሱን ያውቃል፤ ቂሙንም ይዞ ይሄዳል። እዚህ ግን ማመልከቻው ይወሰዳል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይደፋል። የተመለሰ ሰው ሌላ በር ይፈልጋል። የተደፋበት ሰው ግን መልስ ይጠብቃል፤ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። አንድ ቀን የቆሻሻ ቅርጫቱን ሲያይ የሚነሳበት ቁጣ የዚያን ሁሉ ዓመት ወለድ የያዘ ነው።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ ውስጥ፣ ጃንዋሪ 28፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ። ድንጋይ ተወረወረ፤ አስለቃሽ ጭስና የጎማ ጥይት መለሰ፤ ከሁለቱም ወገን በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይትስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። አንድ ወር መሬት ላይ መቀመጥ ግማሽ ስምምነት አስገኘ፤ የአንድ ቀን ግርግር ኮሚሽን አስገኘ። ወጣት ከዚህ ምን ይማራል? እናስመስል ካላልን በቀር እኛም ብንሆን የምንማረው እሱኑ ነው።

ትምህርቱ ግን ሳይጨርሱት የሚወጡት ዓይነት ነው። በዲሴምበር 2013 የደም ባንኩ ሠራተኞች ደም ለማሰባሰብ ወደ አገሪቱ ምክር ቤት፣ ወደ ክኔሴት መጡ። በሦስት ዓመቷ ከኢትዮጵያ የመጣችው የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ ክንዷን ዘረጋች። መመሪያው አይፈቅድም ተባለች። ስትከራከር ደግሞ «ይወሰዳል፣ ነገር ግን በማቀዝቀዣ ይቀመጣል እንጂ ለሰው አይሰጥም» ተባለች። ከዚያ ሁሉ ድንጋይና ከኮሚሽኑ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነበር፤ ሕግ አውጪ ሆናለች፤ ደሟ ግን ቢወሰድም በክብር ይቀመጣል እንጂ አገልግሎት አይሰጥም ተባለ። በ1996 የተወረወረው ድንጋይ በር ከፍቷል። ከበሩ ኋላ የቆመውን ማቀዝቀዣ አልነካውም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገር። በኤፕሪል 2015 መጨረሻ ሆሎን ውስጥ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ የተደበደበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ምስል በካሜራ ተቀርጾ ወጣ። ሜይ 3 ቴል አቪቭ ላይ የአያሎን አውራ ጎዳና ለሰዓታት ተዘጋ፤ ማታ በራቢን አደባባይ ድንጋይና ጠርሙስ ከድምፅ ቦምብና ከውሃ መርጫ ጋር ተገናኘ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወታደሩን ተቀብለው አነጋገሩት። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ ዘረኝነትን ለማስወገድ 53 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼክ ፖሊስ ኢትዮጵያዊን ከሌላው አብልጦ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር አሰሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁን 30 ቀን 2019፣ ሃይፋ ውስጥ ቂርያት ሃይም በተባለ ሰፈር ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የነበረ ፖሊስ የተኮሰው ጥይት አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ገደለ። ፖሊሱ «ወደ መሬት ነው የተኮስኩት» አለ። በቀብሩ ዕለት ማታ የአገሪቱ መስቀለኛ መንገዶች ተዘጉ፤ ጎማ ነደደ፤ መኪና ነደደ። ፖሊስ 136 ሰዎች መያዙንና ከ100 በላይ ባልደረቦቹ መጎዳታቸውን አስታወቀ።

ድንጋይ ወርዋሪው ጠበቃ ቢቆምለት ምን ይላል? ከሁሉ የሚጠነክረው ክርክር የቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ። ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ በዚያን ጊዜ 150,000 ያህል ነበሩ፤ ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞሉም። የምርጫ ካርድ የብዙዎች መሣሪያ ነው። ከመቶ ሁለት ያልሞላ ሕዝብ «ተራህ ይደርሳል» ሲባል በየትኛው ምርጫ ነው የሚደርሰው? ዕድሜ ልኩን ድምፅ ቢሰጥ አያሸንፍም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ የሌሎች ጆሮ። ጆሮው ከተደፈነ ካርዱ ወረቀት ነው፤ ጆሮውን የሚከፍተው ደግሞ የሚነድ ጎማ ብቻ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። ታዲያ ምን አድርግ ትለዋለህ?

ፈላስፋው ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ ሕግን አውቆ መጣስ ለብዙኃኑ የፍትሕ ስሜት የሚቀርብ ንግግር ነው ይላል፤ ንግግር ስለሆነም በግልጽና ያለ ኃይል መፈጸም አለበት። በድንጋይ የሚናገር መናገሩን ትቶ ማስፈራራት ጀምሯል። ይህ ሐሳብ ያምረኛል። ሮልስ ግን የሚያስበው ስለ አንድ ዓይነት ማኅበረሰብ ነው፤ ከሞላ ጎደል ፍትሐዊ ስለሆነ። አማርኛው ሳያስበው ከፈላስፋው ይልቅ እውነቱን ተናገረ መሰለኝ። ከሞላ፣ ጎደል። ለሞላላቸው ሙሉ ነው፤ በጎደለው በኩል የቆመ ሰው ግን ያን ምዕራፍ ሲያነብ ለሌላ አገር የተጻፈ ይመስለዋል።

የፖለቲካ አሳቢዋ ሐና አረንት ይበልጥ ትረዳኛለች። በ1970 ስለ ዓመፅ በጻፈችው አነስተኛ መጽሐፍ ኃይል አንዳንዴ ማጽደቂያ ሊገኝለት እንደሚችል፣ ቅቡልነት ግን ከቶ እንደማይገኝለት ተከራክራለች። ማጽደቂያውም የሚመጣው ከፊት ካለው ግብ ነው፤ ግቡ በራቀ ቁጥር ማጽደቂያው ይሳሳል። የሚደበድበውን እጅ ይዞ የሚያስጥል ሰው ግቡ እዚያው እጁ ላይ ነው። ማንም «ለምን ያዝከው?» አይለውም። ከተኩሱ ሁለት ቀን በኋላ የማያውቀውን ሰው መኪና የሚያነድ ወጣት ግቡ የት ነው? ዘረኝነት ይቁም። በሚነደው መኪናና በዚያ ግብ መካከል ስንት ቢሮ፣ ስንት ኮሚቴ፣ ስንት ምርጫ አለ! ርቀቱን ሁሉ ድንጋዩ ሊሸከመው አይችልም።

የእኛው ሰው ደግሞ ለዚህ የራሱ ቃል ነበረው። ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ከዳር ያለ፣ ሕፃንም ይሁን አሮጊት፣ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሳው ዱላ ባለበት መቆም ነበረበት። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ተአምር ይመስለኝ ነበር። ጠመንጃ የሌላት አሮጊት በሁለት ቃል ጎረምሳ ታቆማለች። ካደግሁ በኋላ ተአምሩ በቃሉ ውስጥ እንዳልሆነ ገባኝ። አሮጊቷ ነገ ራሷ ጎረምሳውን ብታጠቃው እሱም ያንኑ ቃል ሊጠራ ይችላል፤ እሷም ትቆማለች። ቃሉ የሚሠራው ሁሉም ስለሚቆምለት ነው። የቆመ ሰው ሞኝ ሆኖ የሚገኝበት ቀን ሲመጣ ቃሉ ይሞታል። እንግዲህ ሆሎን ላይ ቃሉን ማን ገደለው? ያ ወታደር በዕብራይስጥ ምን ብሎ እንደጮኸ አላውቅም፤ ምንም ይበል ምን «በሕግ አምላክ» ማለቱ ነበር፤ ዱላው ግን አልቆመም። መጀመሪያ ያልቆመው መንግሥት ነው። ይህ መረሳት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚረሳው ይኸው ነው።

ነገር ግን በተዘጋው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሦስተኛ ሰው አለ። ከማታ ፈረቃ የምትመለስ አስታማሚ፣ ወይም በብድር የገዛትን መኪና የሚነዳ ባለ ታክሲ፤ ምናልባት እሱም ከአገሩ ተሰድዶ የመጣ። መስኮቱን ሲመቱበት እሱም በልቡ በሕግ አምላክ ይላል። እኔ ከድንጋይ ወርዋሪው ጋር እስከዚህ ድረስ ተጉዤ የምለየው እዚህ መስኮት ላይ ነው። በደል ያደረሰብህ ሰው ቃልህን አልሰማም ማለት አንተ የሌላውን ቃል ላትሰማ ተፈቀደልህ ማለት ሊሆን አይችልም፤ አለዚያ ተራ በተራ መደንቆር ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። «ጩኸቴን ቀማኝ» እንላለን፤ መቺው ከተመቺው ቀድሞ ኡኡ ሲል። ዴሞክራሲ የአደባባይ ጩኸት የሚደመጥበት ሥርዓት ስለሆነ እንደ ጩኸት የሚሰረቅበት ነገር የለም። በ2019 ጁላይ መጀመሪያ ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ልጁ ለምን ተገደለ? በሁለት ቀን ውስጥ ጥያቄው ስንት መኪና ተቃጠለ፣ ስንት ሰው ለሰዓታት መንገድ ላይ ቀረ ሆነ። ከሳሹ ተከሳሽ ሆነ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኦማር ዋሶ በ2020 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ በ1960ዎቹ የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ላይ መርምሮታል። ሰልፈኛው ሳይማታ ሲመታ ጋዜጦች ስለ መብት ጻፉ፤ ሰልፈኛው ራሱ ሲጀምር ስለ ሥርዓት ማስከበር ጻፉ፤ የመራጩም ሐሳብ ጋዜጣውን ተከትሎ ሄደ። ሁለቱም ጩኸት ተሰምቷል ማለት ነው። የሁለተኛው ግን ባለቤት ተለወጠ።

ይህን ብዬ እጄን መታጠብ ደግሞ አልችልም። «ሳይማታ ሲመታ» የሚለው ሐረግ በቀላሉ ይነገራል፤ የሚከፈለው ግን በሰው ራስ ቅል ነው። የብዙኃኑ ጆሮ እንዲከፈት ድሀው በካሜራ ፊት በትዕግሥት መደብደብ አለበት የሚል ምክር ከሞቀ ክፍል ሲሰጥ አፍሬ ነው የምሰማው። ስለዚህ ፍርዴን ሳልሸሽግ ልናገር። መንገድ መዝጋትን አጸድቃለሁ፤ ሰውን ሰዓቱን ይነጥቀዋል እንጂ የማይመለስ ነገር አይወስድበትም፤ ሰዓት ደግሞ እነዚያ ሰዎች ከ1985 ጀምሮ የከፈሉት ነው። የሚመታን እጅ መያዝንም አጸድቃለሁ። የሚቃጠለው መኪና ይገባኛል፤ «ገባኝ» ማለትና «ልክ ነው» ማለት ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ አይደሉም። በሰው ላይ የሚወረወረውን ድንጋይ አላጸድቅም፤ ሰውየው የደንብ ልብስ ቢለብስም። አቤቱታን እየተቀበለ ሲደፋ የኖረ መንግሥት ደግሞ ድንጋይ ወርዋሪውን የማሰር መብት አለው፤ የመገረም መብት የለውም።

ድንጋይ ሁሉ እኩል እንደማይመዘንም ልብ ማለት ይገባል። በዚያችው አገር በኦክቶበር 2000 የአረብ ዜጎች በወጡበት ሰልፍ ፖሊስ 13 ሰዎች ገደለ፤ 12ቱ ዜጎች ነበሩ። በዳኛ ቴዎዶር ኦር የሚመራው ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ዘገባ ፖሊስ አረብ ዜጎችን እንደ ጠላት ማየት ማቆም እንዳለበት ጻፈ። አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት ጎማ፤ መልሱን የወሰነው የወርዋሪው ማንነት ነው። (ያ መንግሥት እያዘዛቸው በምርጫው ድምፅ የሌላቸው የዌስት ባንክ ፍልስጤማውያን ደግሞ ጥያቄያቸው ከእንግሊዝ ሴቶቹ ረድፍ ነው የሚነሳው፤ ሁሉ ተፈቀደ ማለት ሳይሆን፣ ጥያቄው ሌላ ነው ማለት ነው።) ስለ ዓመፅ የምንጽፍ ሰዎች ሚዛኑን ይዘን የወርዋሪውን እጅ ብቻ ስንመረምር የሚያመልጠን ይህ ነው።

በ2019 እሳቱ በነደደበት ሰሞን የሟቹ አባት ሐዘን ተቀምጦ ነበር። የአይሁድ ሐዘን ሰባት ቀን ነው። በየመንገዱ የልጁ ስም ይጠራል፤ በልጁ ስም መኪና ይነድዳል፤ በልጁ ስም ሰው ይታሰራል። ቤተሰቡ ወጣቶቹ ተቃውሞውን እንዲያቆሙ ጠየቀ፤ ሰባቱ ቀን እስኪያልቅ ድረስ።

ይህችን «እስኪያልቅ ድረስ» ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። አባትየው ልጆቹ ተሳስተዋል አላለም፤ ልክ ናቸውም አላለም። ለዘለዓለም ዝም በሉም አላለም። የጠየቀው በሰባት ቀን የተለካ ጸጥታ ነው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የራሱን ልቅሶ ሊሰማ። ጎረምሶቹ ከሚጠሉት ፖሊስ «ተበተኑ» ሲባሉ አልተበተኑም ነበር። መሬት ላይ ከተቀመጠ አባት ቃል ሲመጣ ግን ብዙዎቹ ቆሙ።